ከካርቱም የተነሡ ሁለት መንገደኞች

ዓመታት ካርቱም ኖራችሁ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የተሰባሰባችሁ ወገኖቼ፣

ዛሬ የማወራችሁ አንድ ባልና ሚስት ስላደረጉት የተራራና የበረሃ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1862 ሦስት ጀልባዎች ከካርቱም ተነሥተው ነጭ ዓባይን ሽቅብ ያዙ። የተሳፈረው 96 ሰው፣ 21 አህያ፣ 4 ግመልና 4 ፈረስ ነው። የጉዞው ባለቤቶች እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ ይባላሉ። እሱ 41 ዓመቱ ነው፤ እሷ ሃያዎቹን ገና መጀመሯ ነው። ካርቱም ተመልሰው የገቡት ሜይ 5 ቀን 1865 ነበር። በመካከሉ ብዙ ሰው ሞተዋል ብሎ ተስፋ ቆርጦባቸዋል።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተራራ አቋርጣችሁ፣ ሌሊት ለሌሊት በእግር ተጉዛችሁ ሱዳን የገባችሁ ጥቂት አይደላችሁም። እናንተ ባትሆኑ ወላጆቻችሁ ናቸው። የጥንዶች ጉዞ ሲተረክ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደርስበታል፤ ግማሹ ይቀራል። የሚቀረው ግማሽ ብዙ ጊዜ ጉዞውን ከመጥፋት ያዳነው ግማሽ ነው። የቤከርና የፍሎረንስ ታሪክ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ስለዚህም ከእሱ ልጀምር።

ፍሎረንስ የተወለደችው ዛሬ ሮማንያ ውስጥ ባለችው ትራንሲልቫኒያ ነው። ልጅ ሳለች በ1848 እና በ1849 በሃንጋሪ በተነሣው አብዮት ወላጆቿን አጣች። ከዚያ በኋላ ያደገችው በኦቶማን ቱርክ ግዛት ነው። በ1859 በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በቪዲን ከተማ ለሽያጭ ቀረበች። አዎ፣ እንደ ዕቃ ልትሸጥ። ቤከር በዚያ ሰሞን ከህንዱ ልዑል ከዱሊፕ ሲንግ ጋር ለአደን ሲዘዋወር ቪዲን ደርሶ ነበርና እዚያ አገኛት፤ ይዟትም ከከተማው ወጣ። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1855 ሞታበታለች። ከቪዲን ወዲህ እሱ በ1893 እስኪሞት ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖሩ።

እንግዲህ አስቡት። ይህች ወጣት ቆይታ የገባችው የባሪያና የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ወደ ሞላባት ካርቱም ነው። የሰው ዋጋ ሲነገር የሰማች ሴት ናት። ቤከር ስለ ጉዞው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለዚህ ያለፈ ሕይወቷ ዝም ይላል፤ ለእሷ ክብር ሲል ይመስለኛል። ግን ዝምታው እሷን አብሮ ሸፍኗታል።

ካርቱም ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት ያሳለፉት በእኛ ወንዞች ላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በኤፕሪል 1861 ከካይሮ ተነሥተው በጁን በርበር ደረሱ። ቤከር አረብኛ ሳይችሉ ወደ ነጭ ዓባይ ምንጭ መሄድ እንደማይሆን ገባው። ስለዚህ ዓመቱን ቋንቋ እየተማሩ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱትን ገባሮች አንድ በአንድ ለማየት መደቡት።

አትባራን መጀመሪያ ያዩት ደርቆ ነው። የወንዙ ወለል አሸዋ ነው፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ቀርቷል፤ በየኩሬው ጉማሬው፣ አዞውና ዓሣው ተጨናንቆ ክረምትን ይጠብቃል። ሰዎቻቸው ንጹሑ አሸዋ ተመችቷቸው እዚያው ወንዙ ወለል ላይ ይተኛሉ። በጁን 23 ሌሊት ከሩቅ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ጠብታ የለም። ድምፁ እየቀረበ ሲመጣ አረቦቹ «ኤል ባህር! ኤል ባህር!» እያሉ ጮኹ። አረብኛውን ታውቁታላችሁ፤ ወንዙ መጣ ማለታቸው ነው። የተኙት እየተጯጯሁ ወደ ዳር ወጡ። ሲነጋ ባልና ሚስቱ የቆሙት ከዳር እስከ ዳር 450 ሜትር በሚሰፋ፣ ጥልቀቱ አምስትና ስድስት ሜትር በሚደርስ ደፍራሽ ወንዝ ፊት ነበር።

ያ ውኃ ከየት መጣ? ለእናንተ ግልጽ ነው። ጭልጋ በኩል ጓንግ ብለን የምንጠራው ወንዝ ወርዶ አትባራ ይሆናል። ከላስታ ተነሥቶ ሰሜን ተራሮችን ዞሮ፣ በሑመራ አልፎ ሰቲት የሚባለው ተከዜ ይቀላቀለዋል። በእኛ ሰኔ ጎንደርና ወሎ ላይ የዘነበው ዝናብ ነው በርበር በረሃ ላይ ያንን ሌሊት የጮኸው። ቤከር በዚያ ዓመት የደረሰበት መደምደሚያ የግብፅን መሬት ያበጀው ጭቃ የተጠረገው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው የሚል ነበር። ዛሬ ልኩ ታውቋል፤ አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 86 በመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ የወረደ ነው።

ክረምቱን በአትባራ ዳር ሶፊ በምትባል መንደር ከረሙ። እዚያ በጥቂት ፒያስተር አንድ የሣር ጎጆ ገዙ፤ የመንደሩ ወንዶች ጣሪያውን ተሸክመው እነሱ ወደ መረጡት ቦታ አዛወሩላቸው። ፍሎረንስ ቤቱን ቤት አደረገችው። ልብሱንም የምታዘጋጀው እሷ ናት፤ የአገሩን ጥጥ በሱንት ፍሬ አስነክራ ቡናማ አድርጋ፣ ሰውየው በቁጥቋጦው መካከል ሲሄድ አውሬ እንዳያየው። መቼም ከመግረን አጠገብ ያለውን የሱንት ጫካ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ዛፍ ነው። ይህን የማነሣው ቤከር በአደኑ ሲመሰገን ልብሱን ማን እንዳዘጋጀው የሚያስታውስ ስለሌለ ነው።

ከሶፊ ተነሥተው ሰቲትን ይዘው ወጡ። በፈረስ ሆነው ዝሆንን በሰይፍ ከሚያድኑት ከሐምራን አረቦች ጋር ሰነበቱ። አንዱ ፈረሰኛ ዝሆኑን ያስቆጣና ያባርራል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረስ ዘሎ በመውረድ የቁርጭምጭሚቱን ጅማት ይቆርጣል። ከዚያ የሸንዲው መክ ኒምር ልጅ ወደ ሰፈረበት ድንበር ዘለቁ። አባትየው በ1822 የግብፁን ገዥ ልጅ እስማኤልን ሸንዲ ላይ ከነሰዎቹ አቃጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሸሸው ነው። ልጁ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን እዚያው ከግብፆች ጋር እየተዋጋ ይኖር ነበር። ከዚያ አንገረብን አይተው፣ ገላባት ገበያ ደርሰው፣ ረሃድንና ዲንደርን ተሻግረው ጁን 11 ቀን 1862 ካርቱም ገቡ።

የዚያን ጊዜዋ ካርቱም ሠላሳ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት የቱርክና የግብፅ አገዛዝ ከተማ ነበረች። ገዥው ሙሳ ፓሻ ይባላል። ቤከር ስለ ከተማዋ ደግ ቃል አልጻፈም፤ ቆሻሻዋን፣ ጉቦዋን፣ የባሪያ ንግዷን እየጠቀሰ ያወግዛታል። እኔ ካርቱምን ስለምወድ ያ ገጽ ሲነበብ ደስ አይለኝም፤ ስለ ባሪያ ንግዱ የጻፈው ግን እውነት ነው። ነጋዴዎቹ የየራሳቸውን ታጣቂ አስከትለው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፤ መንደር ያቃጥላሉ፤ ከብትና ሰው ይነዳሉ፤ ከብቱን በዝሆን ጥርስ ይለውጣሉ። እንግዳ ሰው ያንን እንዲያይባቸው አይፈልጉም። ባልና ሚስቱ ስድስት ወር ካርቱም ሲቀመጡ ጉዟቸውን ለማሰናከል ያልተሞከረ ነገር አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1863 ጎንዶኮሮ ደረሱ። የዛሬዋ ጁባ አጠገብ ነው። እዚያ ከካርቱም የቀጠሯቸው ታጣቂዎች አመፁ። ቤከር አንዱን በቡጢ መታው፤ ሌሎቹ መሣሪያ ይዘው ከበቡት። ፍሎረንስ ትኩሳት ይዟት ከጀልባው ውስጥ ተኝታ ነበር። ጫጫታውን ሰምታ ተነሥታ ወጣች፤ ከአመፁት መካከል የተሻለ ልብ አላቸው ያለቻቸውን ለይታ እየጠራች፣ እየለመነች ነገሩን አበረደችው። ለጊዜው።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደርሻለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ማርች 26 ቀን 1863 ማምሻውን ከጎንዶኮሮ ተነሡ። መንገድ መሪ የለም፤ አስተርጓሚ የለም፤ አብሮ ከሚሄደው ታጣቂ አብዛኛው ሊከዳ ተማምሏል። ከፊታቸው የኢሊሪያ ተራራ አለ። ኢሊሪያ ማለት ገደሉና ቋጥኙ የተደራረበበት፣ መግቢያው አንዲት ጠባብ በር የሆነ አምባ ነው። ሕዝቡ በነጋዴዎቹ በደል የተቆጣ ነው። ኢብራሂም የሚባል የካርቱም ነጋዴ ወኪል ብዙ ታጣቂ ይዞ በዚያው መንገድ ሊሄድ ነው፤ እንግሊዛዊው ቢከተለን የኢሊሪያን ሰዎች እናስነሣበታለን ብለው ዝተዋል። ዛቻው የዋዛ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ተራራ በር የተፈጁ የነጋዴ ታጣቂዎች ነበሩ። ስለዚህ የነበራቸው ምርጫ አንድ ነው፤ ከኢብራሂም ቀድመው ተራራውን ማለፍ።

ሌሊቱን ተጓዙ። መንገዱ በሸለቆ በሸለቆ ይቆራረጣል፤ በየሸለቆው ግመሎቹ ከነጭነታቸው ይወድቃሉ። ጭነቱ ይፈታል፤ ሰዎቹ ሳጥኑን በሸክም ወዲያ ማዶ ያወጣሉ፤ ግመሉ ይነሣል፤ እንደገና ይጫናል። ሦስት መቶ እርምጃ ሄደው ሌላ ሸለቆ። በመካከሉ ሁለት የላቱካ ሰዎች መጥተው መንገድ እንምራችሁ አሉ። በነጋዴዎቹ የተደበደቡ ሰዎች ነበሩና እልህ ይዟቸዋል። ባልና ሚስቱ እነሱን አስቀድመው፣ ሰዎቻቸውን ከነግመሎቹ ወደ ኋላ ትተው፣ ወደ ተራራው በር ወጡ።

በበሩ ላይ ከተራራው የተንከባለለ ቋጥኝ ቤት ቤት እያከለ ተቆልሏል። ፈረሶቻቸውን እየጎተቱ በድንጋዩ መካከል ተሹለክልከው ወዲያኛው ገጽ ላይ ብቅ አሉ። ከታች የኢሊሪያ ሸለቆ ተዘርግቷል። ቀድመናቸዋል! ቁልቁል ወርደው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ግመሎቹ እስኪደርሱ ይጠብቃሉ። ቆይቶ ድምፅ ተሰማ። ሰዎቻችን መጡ ብለው ደስ አላቸው።

ከቋጥኙ መካከል የወጣው ግን ቀይ ባንዲራ ነው። የኢብራሂም ሰዎች ናቸው። ሸለቆው ውስጥ ግመሎቹ ሲወድቁ ሲነሡ ደርሰውባቸው አልፈዋቸዋል። አንድ በአንድ ዛፉ ሥር በተቀመጡት ሁለት ሰዎች ፊት ያልፋሉ፤ ሰላምታ የለም፤ አንዳንዱ እያሾፈ ያያቸዋል። በመጨረሻ ኢብራሂም ራሱ በአህያ ተቀምጦ መጣ። ዓይኑን ወደ ፊት ተክሎ፣ እንዳላያቸው ሆኖ ሊያልፍ ነው።

ፍሎረንስ ባሏን ለመነችው። ጥራው፤ አናግረው፤ እርቅ ጠይቀው፤ ስጦታ ቃል ግባለት አለችው። ቤከር እምቢ ብሎ ነበር። ኩሩ ሰው ነው። አንድ የባሪያ ነጋዴ ወኪል ወዳጅነት መለመን ከሞት የከፋ መስሎ ታየው። እሷ አልተወችም። ኢብራሂም ሊያልፍ ትንሽ ሲቀረው ቤከር በስሙ ጠራው። ሁለታችንም ከካርቱም የራቅን ነን፤ በእኔ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ካርቱም ላይ የምትጠየቅበት አንተ ነህ፤ ብትረዳኝ ደግሞ ጥሩ ጠመንጃና ስጦታ አለህ ብሎ ተናገረው። ኢብራሂም አሰበ፤ ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጉዞው ፍጻሜ አልከዳቸውም።

ቤከር ራሱ ይህን አልደበቀም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ኩራቴ አያስጠራኝም ነበር፤ ያቺ ቅጽበት ታልፍ ነበር፤ ጉዞውም እዚያው ያበቃ ነበር ሲል ጽፏል። ለዚህ ሐቀኝነቱ አከብረዋለሁ። እንግዲህ የአልበርት ሐይቅ በአውሮጳ ካርታ ላይ የገባው፣ ቤከር የወርቅ ሜዳሊያ የተሸለመው፣ ሰር የተባለው፣ በዛፍ ሥር የተቀመጠች አንዲት የደከመች ሴት «ጥራው» ስላለች ነው። ድፍረትና ጉልበትማ ቤከር ሞልቶት ተርፎታል። በዚያ ሰዓት ያጣው ሰውን የማንበብ ችሎታ ነው፤ እሷ ጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ላቱካ ላይ እንደገና አመፅ ተነሣ። ኦቦ ላይ ለወራት በዝናብ ተያዙ፤ ፈረሱም ግመሉም አህያውም አለቀ፤ በበሬ መጓዝ ጀመሩ። በ1864 መጀመሪያ ቡንዮሮ ሲደርሱ፣ ንጉሥ ካምራሲ ነኝ ብሎ የቀረበው ወንድሙ መንገድ እንዲሰጣቸው ሚስትህን ተውልኝ አለ። ቤከር ሽጉጡን መዞ ደረቱ ላይ ደገነ። ፍሎረንስም ተነሥታ በአረብኛ አንድ ቁጣ ተናገረች፤ አስተርጓሚዋ ሴት ቃል በቃል ለሰውየው አደረሰችለት። ቪዲን ላይ ዋጋ የተቆረጠባት ሴት በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰበች ማንም አልጠየቃትም።

የካፉን ወንዝ በተንሳፋፊ ሣር ላይ ሲሻገሩ ፀሐይ መታትና ራሷን ሳተች። ለቀናት በቃሬዛ ተሸከሟት። ሰዎቹ መቃብር ለመቆፈር የዶማውን እጀታ አዲስ አደረጉ። ተረፈች። ማርች 14 ቀን 1864 ከከፍታው ላይ ሆነው የሚፈልጉትን ሐይቅ አዩት። የአገሩ ሰው ሉታ ንዚጌ ይለዋል፤ ቤከር በሟቹ የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ስም አልበርት አለው። ቁልቁለቱ ለበሬ የማይሆን ነው፤ በእግር መውረድ ግድ ሆነ። እሱ ወፍራም ቀርከሃ ተመርኩዞ ከፊት፣ እሷ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ከኋላ፤ በየሃያ እርምጃው ታርፋለች። ሁለት ሰዓት ያህል ወረዱ።

በዚያ ጉዞ የለበሰችው እንደ እሱ ሰፊ ሱሪ፣ ገምባሌ፣ ሸሚዝና ቀበቶ ነው። ልዩነቱ እጅጌው ብቻ ነበር፤ የእሷ ረጅም፣ የእሱ ከትከሻው በታች የተቆረጠ።

በሜይ 1865 ካርቱም ሲመለሱ ከተማዋ በወረርሽኝ ተመትታ ነበር። ፍሎረንስ እንደ ልጇ ያሳደገችው ሰዓት የሚባል ብላቴና ካርቱም ሳይገቡ ጀልባው ላይ ሞተ። የሎንዶን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ለቤከር የወርቅ ሜዳሊያውን ሰጠ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 4 ሎንዶን ላይ በይፋ ተጋቡ። በሚቀጥለው ዓመት ሰር ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ፍሎረንስን ቤተ መንግሥት አልተቀበለቻትም። ከጋብቻ በፊት አብራው መኖሯ ነበር ነውሩ።

ቤከርን አላሞግሰውም። ስለ አፍሪካ ሰዎች የጻፈው ብዙው ክፍል ንቀት የተሞላ ነው፤ ዛሬ ሲነበብ ያስቆጣል። ሐይቁን አገኘሁ ሲል ዳሩ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መንደር ነበራቸው። ካወገዘው የባሪያ ንግድ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ሳይጓዝ ማለፍም አልቻለም፤ ኢብራሂምም ማን እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ በ1870 እንደገና ወደ ካርቱም መጡ፤ ቤከር በግብፁ ኸዲቭ እስማኤል ተሹሞ የባሪያ ንግዱን ሊያስቆም። በዚያ ጉዞ ፍሎረንስ የየዕለት ማስታወሻ ትይዝ ነበር። በ1916 ሞተች። ማስታወሻዋ በመጽሐፍ የወጣው በ1972 ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ፣ የኢሊሪያን ዛፍ፣ የካምራሲን ቤት፣ የሐይቁን ቁልቁለት ግን የምናውቀው በባሏ ብዕር ብቻ ነው። ቅን ሆኖ ስለጻፈ ነው «ጥራው» ማለቷን የሰማነው። ባይጽፍስ?

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እኛው ልምጣ።

ቤከርና ፍሎረንስ የሄዱበት የሰቲት፣ የአንገረብና የገላባት አገር በእኛ ዘመን የስደት መንገድ ሆነ። በደርግ ጊዜ ከጎንደር፣ ከወልቃይት፣ ከአርማጭሆ፣ ከቋራ ስንት ጥንድ በዚያ ወረደ? እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ቤተ እስራኤላውያን ከነሽማግሌና ከነሕፃኑ በእግር ወጥተው ወደ ገዳሪፍ አቅጣጫ ሲጓዙ በመንገዱና በኡም ረኩባ ካምፕ አራት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተባቸው ይቆጠራል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በድብቅ ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ ወደ እስራኤል የተጫኑት የተረፉት ናቸው። ለሞቱት ኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። እኔ ደስ የሚለኝ ነገር ማኅበረሰባቸው ጉዞውን ከሴቶቹም አፍ መቅዳቱ ነው፤ መንገድ ላይ የወለደችው፣ የቀበረችው፣ ውኃ የለመነችው ተናግራለች።

እኛ ሌሎቻችንስ? ካርቱም ዴም ሰፈር ቡና ተጠርቼ የሄድኩበትን አንድ ቤት ልንገራችሁ። አባወራው ሸምገል ያሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጋሼ፣ እንዴት መጣችሁ አልኳቸው። «ከትክል ድንጋይ ተነሥተን፣ በሳንጃ አድርገን፣ በአብርሃጅራ ወርደን ድንበር ተሻገርን፤ ገዳሪፍ ገባን» አሉኝ። አለቀ። አራት የቦታ ስም። ባለቤታቸው እትዬ ቡናውን እየቆሉ ነበር፤ ምጣዱን ሳያወርዱ ቀና አሉና «የአንገረቡን ለምን አትነግረውም?» አሏቸው። ጋሼ ዝም።

ታሪኩን እትዬ ነገሩኝ። ስንቃቸው በሶና ቆሎ ነበር፤ ውኃው በአንዲት ትንሽ ጀሪካን። ጀሪካኗን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ በየስንት ሰዓቱ ስንት ጉንጭ እንደሚጠጣ የወሰኑት እሳቸው ናቸው። «እሱ ቢይዛት የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ታልቅ ነበር» አሉ፤ ምሬት አልነበረበትም። አንገረብ ዳር ሲደርሱ መንገድ መሪው ሌሊቱን እንሻገር አለ። እትዬ አልወደዱትም። ከብት ውኃ ልታጠጣ የወረደች አንዲት ሴት አዩና ጠጋ ብለው ጤና ይስጥልኝ አሏት፤ ወሬ ጀመሩ። ሴትየዋ መሻገሪያው ላይ ወታደር አለ፤ ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ይነሣሉ አለቻቸው። ጫካ ውስጥ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ተኝተው አሳለፉ። የቸኮሉት ሌሎች መንገደኞች እዚያው መሻገሪያ ላይ ተያዙ።

ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰምተው «እውነቷን ነው፤ እኔ ብሆን ባልጠየቅኳት» አሉ። ቤከር ስለ ኢሊሪያ የጻፈው ያኔ ትዝ አለኝ። ጋሼ ዋሽተው አልነበረም፤ አራቱ የቦታ ስሞች እውነት ናቸው። ግን በዚያ አተራረክ ልጆቻቸው የሚወርሱት ካርታውን እንጂ እንዴት እንደተረፉ አይደለም። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ የአንገረቧ ሴት ከእነሱ ጋር ትቀበር ነበር።

በኖቬምበር 2020 ሰቲትን የተሻገረው ሕዝብ ደግሞ አለ። ከሑመራና ከአካባቢው ጦርነቱን ሸሽቶ ሐምዳይት ወጣ፤ ሱዳን የገባው በድምሩ ከስድሳ ሺህ በላይ ደረሰ። ኡም ረኩባ እንደገና ካምፕ ሆነች። ያንን ወንዝ ባልና ሚስት ሆነው ሲሻገሩ ልጁን ማን ያዘ? መጀመሪያ እንሂድ ያለው ማን ነው? ከብቱን ፍታ፣ ቤቱን አትዝጋ ያለችው ማን ናት? ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ይረሳል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚቀረው «በሐምዳይት ወጣን» የሚለው ብቻ ይሆናል።

እናንተም ራሳችሁ አላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ በጄሬፍ፣ በዴም፣ በሰሃፋ ቤታችሁን ዘግታችሁ፣ ወላጆቻችሁ በመጡበት መንገድ ወደ ኋላ ተመለሳችሁ፤ ገዳሪፍ፣ ገላባት፣ መተማ። ያ ድልድይ ላይ ምን ይዛችሁ ቆማችሁ ነበር? ባንድ ሻንጣ ምን ገባ፣ ምን ተጣለ፣ ማን መረጠው? አውቶቡስ ሲጠፋ በስንት ብር ለማን ተከፈለ፣ ወርቁን ማን አውልቃ ሰጠች? እነዚህ ጥያቄዎች ትንንሽ ይመስላሉ። የኢሊሪያም ጥያቄ እንዲሁ ትንሽ ነበር፤ አንድን ሰው በስሙ መጥራት አለመጥራት።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አለ። ቤት ስትገቡ ስልካችሁን አውጡና ቅዱ። ባልና ሚስትን አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ በእኛ ባህል ዝም የምትለው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ። ለየብቻ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ላይ አስቀምጡና የማይገናኘውን አንሡላቸው፤ መከራከር ሲጀምሩ ነው ታሪኩ የሚወጣው። የወንዙን ስም፣ ወሩን፣ ስንቁን፣ ማን ጀሪካኑን እንደያዘ፣ ማን ቁም እንዳለ ጠይቁ። ጫማ ስንት እንደነበር ጠይቁ። ባልየው የት ላይ እንዳለቀሰ ጠይቁ፤ ይህን ከሚስትየዋ ነው የምትሰሙት። የሞተ አብሮ መንገደኛ ካለ ስሙንና የተቀበረበትን ቦታ መዝግቡ፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየጠበቀው ይሆናል።

ሰዓቱ የእናንተ ነው። በመተማም ሆነ በሑመራ በእግር የወጣችሁ ካላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ማይኩ ይመጣላችኋል። ባልና ሚስት አብራችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሚስትየዋ ትናገርልን።